ልጃችሁ በቤዝቦል ድራፍት ሊመረጥ ነው፦ ይፈርም ወይስ ኮሌጅ ይመለስ?

ጥያቄው የሚመጣው በስልክ ነው። ጁላይ አጋማሽ ላይ ድራፍቱ፣ ማለትም የአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ (ሜጀር ሊግ) ክለቦች በተራ በተራ አዳዲስ ተጫዋች የሚመርጡበት ሥርዓት፣ እየተካሄደ አንድ መልማይ (ለክለቡ ተጫዋች የሚያፈላልግ ሰው) ይደውልና «175 ሺህ ብንሰጥህ ትፈርማለህ?» ይላል። ልጁ «ቆይ ቤተሰቤን ላማክር» ካለ ሰውየው አመስግኖ ይዘጋና ሌላ ልጅ ጋ ይደውላል። ክፋት አይደለም። የኋለኞቹ ዙሮች በጥድፊያ ነው የሚያልቁት፣ የክለቡ ተራ ደግሞ ደርሷል።

ለዚህ ነው «መጀመሪያ ይመረጥና እናስብበታለን» የሚባለው ነገር የማያዋጣው። በድራፍቱ ቀን የሚታሰብ ነገር ብዙም የለም። ሥራው ያለው ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ወራት ነው፣ ማታ ማታ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ቁጭ ብሎ።

የምጽፈው ለወላጆች ነው። እዚህ አሜሪካ ያደገ ልጅ አማርኛ ቢሰማም ማንበብ ላይ ብዙም ላይሆን ይችላል። ውሳኔው የሱ ነው፣ ይሄ አያከራክርም። ግን ሲወስን አጠገቡ እናንተ አላችሁ፣ «ዲግሪውስ?» የሚለው አጎትም አለ፣ ስለ ቤዝቦል ምንም ሳያውቅ ስለ ሚሊዮን ዶላር የሚያወራ የሰፈር ሰውም አይጠፋም። ቢያንስ እናንተ ነገሩን አውቃችሁ ተቀመጡ።

መጀመሪያ ሕጉን

ድራፍቱ ዛሬ 20 ዙር ነው። እስከ 2019 ድረስ 40 ነበር፣ በ2020 በኮቪድ ምክንያት 5 ብቻ ሆነ፣ ከ2021 ወዲህ 20 ላይ ረግቷል። ይሄ ትንሽ ለውጥ እንዳይመስላችሁ። ድሮ ክለቦች በ30ዎቹ ዙሮች ውስጥ እንደማይፈርም እያወቁም ልጅ ይመርጡ ነበር። ዛሬ ከሊጉ ትልልቅ ኮከቦች አንዱ የሆነውን አሮን ጀጅን የኦክላንድ ክለብ በ2010 ገና ከሁለተኛ ደረጃ እንደወጣ በ31ኛው ዙር መርጦት ነበር፤ እሱ ግን ፍሬስኖ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ኒውዮርክ ያንኪስ በመጀመሪያው ዙር 32ኛ አድርጎ ወሰደው። ዛሬ እንደዚያ «ለሰላምታ ያህል» የሚመረጥ የለም ማለት ይቻላል። የተደወለለት ልጅ የምር ተፈልጓል።

የአራት ዓመት ኮሌጅ የገባ ልጅ ለድራፍት የሚበቃው ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ወይም 21 ዓመት ሲሞላው ነው። ዕድሜው ትንሽ ገፋ ያለ ልጅ በሁለተኛ ዓመቱም ሊመረጥ ይችላል። ልደቱን አስሉ፤ የዚህን ጥቅም ቶሎ ታዩታላችሁ። የሁለት ዓመት ኮሌጅ የሚማር ግን በየትኛውም ዓመት ይመረጣል።

አሁን ገንዘቡ። ከ1ኛው እስከ 10ኛው ዙር እያንዳንዱ ምርጫ የተተመነ ዋጋ አለው፣ «ስሎት» ይሉታል። ጫፍ ላይ ያሉት በሚሊዮኖች ይቆጠራሉ፤ 10ኛው ዙር መጨረሻ ላይ ከ200,000 ዶላር በታች ይወርዳል። የአንድ ክለብ ስሎቶች ተደምረው ቋት ይሆናሉ። ክለቡ ከዚህ ቋት ለማን ስንት እንደሚሰጥ ራሱ ያውቃል፤ ለአንዱ ከስሎቱ በላይ፣ ለሌላው በታች መክፈል ይችላል። ቋቱን ካለፈ ግን ባለፈው ገንዘብ ላይ 75 በመቶ ታክስ ይከፍላል፤ ከ5 በመቶ በላይ ካለፈ ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ያጣል። ይህን ሁለተኛውን ማንም አይደፍረውም።

ከ10ኛው ዙር በኋላ የተመረጠ ልጅ ላይ ደግሞ እስከ 150,000 ዶላር ድረስ ቋቱ አይነካም፤ የሚቆጠረው ከዚያ ያለፈው ብቻ ነው። ስለዚህ በ11ኛው ዙር የተመረጠ ልጅ በ9ኛው ከተመረጠው በላይ ሲያገኝ ብታዩ አይግረማችሁ። ዙሩ ለፌስቡክ ፎቶ ነው፤ እናንተ የሚከፈለውን እዩ።

አንድ፦ እጃችሁ ላይ ምን አለ?

ሦስተኛ ዓመቱን የጨረሰ ልጅ አንድ ትልቅ ነገር አለው። «ካልተስማማኝ እመለሳለሁ» ማለት ይችላል። በመጀመሪያዎቹ 10 ዙሮች ውስጥ የተመረጠ ልጅ ሳይፈርም ከቀረ የሱ ስሎት ከክለቡ ቋት ላይ ይቀነሳል፤ ክለቡ ልጁንም ገንዘቡንም ያጣል። ስለዚህ ይፈሩታል፣ ያባብሉታል።

ከአንድ ዓመት በኋላ ይሄ ኃይል ውልቅ ብሎ ይጠፋል። አራተኛ ዓመቱን የጨረሰ ልጅ የት ይመለሳል? ክለቦቹ ይህን አሳምረው ያውቃሉ፤ እንዲያውም በ8ኛ፣ በ9ኛና በ10ኛ ዙር ሆን ብለው አራተኛ ዓመት የጨረሰ ተጫዋች ይመርጡና 10 ወይም 20 ሺህ ዶላር ሰጥተው ከስሎቱ የተረፈውን ለሌላ ልጅ ያውሉታል። ልጁ መጥፎ ተጫዋች ስለሆነ አይደለም። መሄጃ ስለሌለው ነው።

«አንድ ዓመት ይጫወትና በሚቀጥለው ዓመት የተሻለ ገንዘብ ያገኛል» የሚለውን ምክር ስትሰሙ መጀመሪያ ይህን አስቡ። የሚመለሰው ልጅ ዝም ብሎ መሻሻል ብቻ አይበቃውም። በጣም ተሻሽሎ፣ የመደራደር አቅሙን ያጣበትን ጭምር መሸፈን አለበት። በሁለተኛ ዓመቱ የተመረጠ ልጅ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ቢመለስ በሚቀጥለው ዓመትም «እመለሳለሁ» ማለት ይችላል። ልደቱን አስሉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

የማርክ አፔልን ነገር ሁሉም ሰው ለራሱ በሚመቸው መንገድ ይተርከዋል። በ2012 ስታንፎርድ ሦስተኛ ዓመቱን ጨርሶ ፒትስበርግ በ8ኛነት መረጠው፣ 3.8 ሚሊዮን ዶላር አቀረበለት፣ እምቢ ብሎ ተመለሰ። በ2013 ሂዩስተን ከሁሉም አንደኛ አድርጎ መርጦት 6.35 ሚሊዮን ፈረመ። «አያችሁ፣ መመለስ ያዋጣል!» ይላሉ። ግን ልብ በሉ፣ ሰውየው ሲጀመርም ከአገሪቱ ምርጥ ፒቸሮች (ኳስ ወርዋሪዎች) አንዱ ነበር። ከዚያ በኋላስ? ጉዳት፣ መውረድ፣ በ2018 ጨዋታ ማቆም፣ በ2021 እንደገና መጀመር፣ በመጨረሻም በ2022 በ30 ዓመቱ በፊላደልፊያ ማሊያ ሜጀር ሊግ ገባ፤ የተጫወተውም ጥቂት ጨዋታ ነው። ተመልሶ ያተረፈው የፊርማ ገንዘቡን ነው፤ ሜጀር ሊጉን አላቀረበለትም።

ሁለት፦ ቁጥሩን ጻፉ

መልማዩ በጸደይ ወራት ቤት መጥቶ ወይም ደውሎ «የልጁ ቁጥር ስንት ነው?» ይላችኋል። «ስንት ብንሰጠው ትምህርቱን ትቶ ይፈርማል?» ማለቱ ነው። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ያፍራል። እኛ ደግሞ ገንዘብ ፊት ለፊት መጥራት ይከብደናል፤ «እናንተ እንዳላችሁ» እንላለን። እዚህ እንደዚያ አይሠራም። ቁጥር ያልተነገረው መልማይ የራሱን ግምት ጽፎ ይሄዳል።

ቁጥሩን ለማውጣት ከላይኛው ሳይሆን ኪስ ከሚገባው ገንዘብ ተነሱ። በምሳሌ እንየው። 180,000 ዶላር ተባለ እንበል። ኤጀንቱ 5 በመቶ ቢወስድ 9,000 ሄደ። የፌዴራል የገቢ ታክስ፣ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ሲደመሩ ላላገባ ልጅ ወደ 45,000 ይጠጋሉ። ስቴታችሁ እንደ ቴክሳስ ወይም እንደ ፍሎሪዳ የገቢ ታክስ የማይሰበስብ ከሆነ ወደ 125,000 ገደማ እጁ ላይ ይቀራል፤ ሜሪላንድ ወይም ካሊፎርኒያ ከሆናችሁ ከዚያም ያንሳል። ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁት፣ በኋላ አይደለም።

ከዚያ ወረቀቱን ሁለት ክፈሉት። በአንዱ ጎን፦ ይህ ገንዘብ ለስንት ዓመት መኖሪያ ነው? ልጁ ማይነር ሊግ (ክለቦቹ ተጫዋች የሚያሳድጉባቸው ከሜጀር ሊግ በታች ያሉ ሊጎች) ውስጥ አራት ወይም አምስት ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ አብዛኛው ተጫዋች ደግሞ ሜጀር ሊግ ሳይደርስ ነው የሚያቆመው። በሌላው ጎን፦ ኮሌጅ ቢመለስ ምን ያገኛል? ስኮላርሺፑ ስንት ነው? ከጁላይ 2021 ጀምሮ የኮሌጅ ስፖርተኛ ከስሙና ከምስሉ ገንዘብ ማግኘት ይችላል፤ በጁን 2025 የጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ደግሞ ትልልቆቹ ኮሌጆች ራሳቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ በር ከፍቷል። ታዋቂ ቡድን ውስጥ ያለ ጎበዝ ልጅ ዛሬ ሲመለስ እንደ ድሮው በባዶ ኪስ አይደለም። ቁጥሩ ግን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይምጣ።

በመጨረሻ ሁለት ቁጥር ይኑራችሁ። አንዱ «ከዚህ በላይ ከሆነ ሳንነጋገር ይፈርማል» የምትሉት። ሌላው «ከዚህ በታች ከሆነ ሳንነጋገር ይመለሳል» የምትሉት። በመሐል ያለውን ልጁ በልቡ ይወስን። ቁጥር ከነገራችሁ በኋላ ግን በድራፍቱ ቀን አትለዋውጡ፤ መልማዮች ይነጋገራሉ፣ ቃል የሚያጥፍ ቤተሰብ ቶሎ ይታወቃል።

ሦስት፦ የዲግሪው ጉዳይ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኛ ቤት ትልቁ ጠብ የሚነሳው በዚህ ነው። ከስንት ልፋት በኋላ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ያስገባ ወላጅ «አንድ ዓመት ሲቀረው ጥሎ ሊወጣ ነው» ሲባል ደሙ ቢፈላ አይፈረድበትም።

ግን ዲግሪውን ውሉ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ሜጀር ሊጉ የኮሌጅ ስኮላርሺፕ ዕቅድ የሚባል ነገር አለው። ልጁ ሲፈርም ክለቡ የቀሩትን ሴሚስተሮች ወጪ ሊሸፍን ይስማማል፤ ስንት ሴሚስተር፣ ለእያንዳንዱ ስንት ዶላር የሚለው ውሉ ላይ ይጻፋል። የሚጻፈው ደግሞ ስትፈርሙ ብቻ ነው። ያኔ ያልጠየቀ በኋላ የሚጠይቅበት የለውም።

ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩ ላይ ነው። ልጁ ዛሬ ግማሽ ስኮላርሺፕ ስላለው «ለሴሚስተር የምንከፍለው ይህን ያህል ነው» ብሎ አባት ዛሬ የሚከፍለውን ያስጽፋል። ልጁ ሲመለስ ግን የስፖርት ስኮላርሺፑ የለም። የስድስት ዓመት የዋጋ ጭማሪ አለ። ቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ መጽሐፍ አለ። ስለዚህ የምታስጽፉት ሙሉ ክፍያው ነው፣ ያለ ምንም ቅናሽ፣ ወደ ላይ ከፍ ተደርጎ። ለክለቡ ይህ ቀላል ነገር ነው፤ በፊርማው ገንዘብ ላይ 10,000 ከመጨመር በሴሚስተሩ ላይ ቢጨምር ይቀለዋል፣ ምክንያቱም ብዙ ልጆች ጨርሰው አይጠቀሙበትም።

ሁለት ነገር አስታውሱ። ልጁ መጫወት ካቆመ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ትምህርቱን ካልጀመረ መብቱ ይቃጠላል። ገንዘቡም ታክስ ይከፈልበታል።

ከመፈረሙ በፊት ልጁን ወደ ትምህርት አማካሪው ላኩትና አንድ ወረቀት ይዞ ይምጣ፦ ስንት ክሬዲት ቀረው? የትኞቹ በኦንላይን ይወሰዳሉ? ከስንት ዓመት በኋላ የወሰዳቸው ኮርሶች አይቆጠሩም? 18 ክሬዲት የቀረው ልጅና 45 የቀረው ልጅ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በሁለት ክረምት ይጨርሰዋል።

ፖል ጎልድሽሚት በ2009 ከቴክሳስ ስቴት ሦስተኛ ዓመቱን ጨርሶ በ8ኛው ዙር ለአሪዞና በ95,000 ዶላር ፈረመ። ሜጀር ሊግ እየተጫወተ በዩኒቨርሲቲ ኦፍ ፊኒክስ በኦንላይን ተምሮ በ2013 ተመረቀ። በ2022 የናሽናል ሊግ (ሜጀር ሊጉ ከሚከፈልባቸው ሁለት ሊጎች አንዱ) ኮከብ ተጫዋች ሆነ። ለአጎትየው ይህን ንገሩት። እውነቱን ለመናገር ግን እንደሱ ዓይነት ዲሲፕሊን ያለው ልጅ በየቤቱ የለም። ልጃችሁ አሁን፣ አሠልጣኝና የትምህርት ረዳት እየተከታተሉት፣ ክፍል የሚቀር ከሆነ በ27 ዓመቱ ብቻውን ተመልሶ ይጨርሳል ብላችሁ አትወራረዱ።

አራት፦ የመመለሻው በር ክፍት መሆኑን አረጋግጡ

«ካልሆነ ይመለሳል» ትላላችሁ። የት? አሠልጣኙ ልጁ ይሄዳል ብሎ በሱ ቦታ ከሌላ ኮሌጅ ሰው አስመጥቶ ሊሆን ይችላል። ድሮ የአንደኛ ዲቪዚዮን ቤዝቦል ቡድን 11.7 ስኮላርሺፕ ነበር የሚያከፋፍለው። ከ2025 መከር ጀምሮ ወደ አዲሱ የፍርድ ቤት ስምምነት የገቡት ኮሌጆች ላይ ያ ጣሪያ ተነስቷል፤ በምትኩ ቡድኑ ከ34 ሰው እንዳይበልጥ ተደርጓል። ቦታው ጠባብ ነው።

ስለዚህ ሜይ ወር ላይ ልጁ ራሱ አሠልጣኙ ቢሮ ገብቶ ቁጭ ይበል። ወላጅ አይደውል፣ በናታችሁ። ጥያቄዎቹ ቀጥተኛ ይሁኑ፦ ብመለስ ቦታዬ አለ? ስኮላርሺፔ ያው ነው? አርብ ማታ፣ የቡድኑ ዋና ፒቸር በሚወረውርበት ጨዋታ፣ ፒች የማደርገው እኔ ነኝ ወይስ ያመጣኸው ልጅ? ጥሩ አሠልጣኝ እውነቱን ይናገራል። መልሱ ከተድበሰበሰ እሱም አንድ መልስ ነው።

አምስት፦ ሕይወቱን ሄዳችሁ እዩት

ይህን ደረጃ ማንም አይነግራችሁም፣ ለኔ ግን ከሁሉም በላይ ነው። ዲሲ አካባቢ ያላችሁ በአይ-95 ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ገደማ ነድታችሁ ፍሬድሪክስበርግ ሂዱ። የዋሽንግተን ናሽናልስ ሎው-ኤ ቡድን (ከማይነር ሊግ ዝቅተኛ ደረጃዎች አንዱ) እዚያ ነው። ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ቅዳሜ ማታ ርችት ሲተኮስ ሳይሆን ረቡዕ ሂዱ፣ ወንበሩ ግማሽ ባዶ ሆኖ።

ተጫዋቾቹን እዩ። ከልጃችሁ ጋር እኩያ ናቸው፣ አንዳንዶቹም ያንሳሉ። ከዶሚኒካን ሪፐብሊክና ከቬኔዝዌላ የመጡ በ16 ዓመታቸው የፈረሙ ልጆች አሉ። ከማክሰኞ እስከ እሑድ በየቀኑ ይጫወታሉ፣ ሰኞ ያርፋሉ ወይም አውቶቡስ ላይ ናቸው። እንደዚህ ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር። ኮሌጅ የለመደው ልጅ በሳምንት አራት ጨዋታ አካባቢ ነው የሚጫወተው፣ ተማሪው ስሙን እየጠራ ይጮህለታል። እዚህ ማንም ስሙን አያውቅም። ደግሞ ከዚህ በታችም አለ፤ ጁላይ ላይ የፈረመ ልጅ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚላከው ፍሎሪዳ ወይም አሪዞና ወዳለው የክለቡ ማሠልጠኛ ነው፣ ተመልካች እምብዛም የሌለበት፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳበት።

ደመወዙ ተሻሽሏል። በ2023 የማይነር ሊግ ተጫዋቾች በማኅበራቸው በኩል ለመጀመሪያ ጊዜ በተደራደሩት ውል የዓመቱ ዝቅተኛ ክፍያ፣ ከታችኛው ደረጃ ወደ ላይ፣ በማሠልጠኛው 19,800፣ በሎው-ኤ 26,200፣ በሃይ-ኤ 27,300፣ በደብል-ኤ 30,250፣ በትሪፕል-ኤ 35,800 ዶላር ሆነ። ከዚያ በፊት በሎው-ኤ 11,000 ነበር፤ ልጆቹ አንድ አፓርታማ ውስጥ ስድስትና ሰባት ሆነው አየር ፍራሽ ላይ ይተኙ ነበር። አሁን ቤት ክለቡ ይሰጣል። ቢሆንም በ26,000 ዶላር ማንም አይከብርም። ሜጀር ሊግ ሲገባ ነው ነገሩ የሚለወጠው፤ እዚያ በ2025 ትንሹ የዓመት ደመወዝ 760,000 ነበር። በነዚህ ሁለት ቁጥሮች መሐል ያለው ገደል ነው እንግዲህ ልጁ የሚዘለው።

ከጨዋታው ስትመለሱ መኪና ውስጥ ዝም በሉ። እሱ ያውራ። «ነገውኑ መጀመር እፈልጋለሁ» ካለና ዓይኑ ካበራ አንድ ነገር አውቃችኋል። ስለ ኮሌጁ ጓደኞቹ፣ ስለ ኦማሃ፣ ማለትም በየጁን ስለሚደረገው የኮሌጆች የመጨረሻ ውድድር ማውራት ከጀመረም አውቃችኋል።

ስድስት፦ ገላውን በእውነት ተመልከቱ

ፒቸር ከሆነ ክንዱ ዕቃ ነው፣ ያልቃል። በ1974 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው የክርን ጅማት ቀዶ ጥገና፣ በታማሚው ስም ቶሚ ጆን የሚባለው፣ ዛሬ የተለመደ ሆኗል፤ ለመመለስ ግን ዓመት ያልፋል። ጤነኛ ክንድ ይዞ ጥሩ ገንዘብ የቀረበለት ፒቸር አንድ ተጨማሪ የኮሌጅ ዓመት መወርወሩ ለኔ ብዙም አይታየኝም። ጄከብ ዴግሮም በ2010 በ9ኛው ዙር በ95,000 ዶላር ለኒውዮርክ ሜትስ ፈረመ፣ በዚያው ዓመት ክርኑ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሐኪሙን፣ ማገገሚያውን፣ ጊዜውን የሰጠው ክለቡ ነው። ኮሌጅ ተመልሶ ቢሆንና እዚያ ቢጎዳ በሚቀጥለው ድራፍት ማን ያስታውሰው ነበር? በ2018 እና በ2019 የሳይ ያንግን፣ ማለትም የሊጉን የዓመቱ ምርጥ ፒቸር ሽልማት ወሰደ።

መቺ ከሆነ ትንሽ ይለያል። ኮሌጅ የሚመቱት በአልሙኒየም ወይም በኮምፖዚት ባት ነው፣ ፕሮፌሽናሉ ግን በእንጨት። በክረምቱ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኬፕ ኮድ ሊግ ላይ በእንጨት መትቶ ያውቃል? እንዴት ሆነለት? እዚያ ያልተሳካለት ልጅ አንድ ዓመት ሠርቶ ቢሻሻል ዋጋው በእርግጥ ሊጨምር ይችላል።

ከሕክምና ምርመራ አትሽሹ። ኩማር ሮከር በ2021 ከቫንደርቢልት ወጥቶ ሜትስ በ10ኛነት መረጠው፣ 6 ሚሊዮን ዶላር እንደተስማሙ ተነገረ። ከድራፍቱ በፊት የሚሰጠውን የኤምአርአይ ምርመራ ስላላቀረበ ክለቡ በኋላ ክንዱን መርምሮ አልወደደውም፣ ውልም ሳያቀርብለት ቀረ። ኮሌጅም አልተመለሰም። በየትኛውም ክለብ ሥር ባልሆነ ሊግ ውስጥ ትንሽ ተጫውቶ በ2022 ቴክሳስ በ3ኛነት መረጠው፣ 5.2 ሚሊዮን ፈረመ። እሱ ዳነ። ስም የሌለው ልጅ ግን አይድንም። አሁን ባለው ደንብ ለምርመራው ተጋብዞ ሙሉ ውጤቱን ያስረከበ ልጅ በመጀመሪያዎቹ 10 ዙሮች ውስጥ ከተመረጠ ክለቡ ቢያንስ የስሎቱን 75 በመቶ ሊያቀርብለት ይገደዳል። ልጃችሁ ከተጋበዘ ያስረክብ።

ሰባት፦ አማካሪ፣ ግን በጥንቃቄ

ኮሌጅ ያለ ልጅ ስለ ድራፍት የሚመክረው ሰው መያዝ ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ያ ሰው የልጁ ወኪል ሆኖ ከክለብ ጋር ፊት ለፊት ሲደራደር ነው። ጄምስ ፓክስተን በ2009 ቶሮንቶ መርጦት ሳይፈርም ወደ ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። ከዚያ ኤጀንቱ ከክለቡ ጋር ተነጋግሯል የሚል ነገር ተሰማ፤ ልጁ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶም መጫወት አልቻለም። በሚቀጥለው ድራፍት ወደ 4ኛ ዙር ወረደ። በኋላ ሜጀር ሊግ ገብቶ ጥሩ ተጫወተ፣ ግን ያቺን ዓመት ማን መለሰለት?

ደንቡ በየጊዜው ይነካካል። ስለዚህ ማንኛውም ወረቀት ከመፈረሙ በፊት የኮሌጁን የደንብ ማስከበሪያ ቢሮ፣ ኮምፕላያንስ የሚሉትን፣ በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱንም አስቀምጡ። አማካሪ ስትመርጡ «ስንት ሚሊየነር አለህ?» አትበሉት። «ከ6ኛ እስከ 12ኛ ዙር የተመረጡ ልጆች አሉህ? አንዱን ላነጋግር?» በሉት። የልጃችሁን ስልክ የማያነሳ ትልቅ ስም ከሚያነሳ ትንሽ ስም አይሻልም።

ስምንት፦ ቀኑ ሲደርስ

ቁጥሩ ተጽፏል፣ ፍሪጅ ላይ ተለጥፏል። ስልኩን ልጁ ወይም አማካሪው ያንሳ፣ አንድ ሰው ብቻ። ቤቱን በእንግዳ አትሙሉት። ዳቦ ደፍታችሁ፣ ዘመድ ጠርታችሁ ልጁ ሳይመረጥ ቢመሽ ወይም ከቁጥሩ በታች ቀርቦለት እምቢ ቢል ያ ሁሉ ዓይን ፊቱ ላይ ነው። ብዙ ልጅ ከቁጥሩ በታች «እሺ» የሚለው ለእንግዶቹ ብሎ ነው።

ሳይመረጥ ከቀረ ጉዳዩ አልተዘጋም፤ ያልተመረጠ ልጅም መፈረም ይችላል፣ እስከ 150,000 ድረስ ቋት ሳይነካ። ብዙዎቹ የሚቀርብላቸው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ሦስተኛ ዓመት ከሆነ ሳይቸኩል ይመለስ፣ አራተኛ ዓመት ከሆነ ደግሞ በር ከተከፈተለት ይግባ።

ከተመረጠ እስከ ፊርማው ቀነ ገደብ ድረስ ጥቂት ሳምንት አለ፤ ብዙውን ጊዜ ጁላይ መጨረሻ ወይም ኦገስት መግቢያ ላይ ነው። ውሉ ሲመጣ የምታዩት ይህን ነው፦ የፊርማው ገንዘብ በአንዴ ነው ወይስ በሁለት ዓመት ተከፍሎ? የስኮላርሺፕ ዕቅዱ ላይ የሴሚስተሩ ቁጥርና የዶላሩ ቁጥር በቃል የተስማማችሁበት ነው? ልጁ በክለቡ ሥር የሚቆየው ስንት ዓመት ነው? ከላይ ባነሳሁት የማይነር ሊግ ተጫዋቾች ማኅበር ውል መሠረት 19 ዓመት ሞልቶት ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የሚፈርም ልጅ ማይነር ሊግ ውስጥ የሚታሰረው ለ7 ሳይሆን ለ6 ዓመት ነው።

ከፈረመ በቀናት ውስጥ ፍሎሪዳ ወይም አሪዞና ነው። የገባለትን ገንዘብ የታክሱን ድርሻ ለይታችሁ ሌላ አካውንት ውስጥ አስቀምጡት፤ መኪና መግዛቱ እስከ ኤፕሪል ይቆይ።

ካልፈረመ ደግሞ በዚያው ቀን አሠልጣኙ ጋ ይደውል፣ ሌላ ሰው ሳይነግረው። በነጋታው ለመከር ሴሚስተር ኮርሶቹን ይመዝገብ፣ ከባዶቹን መከር ላይ አድርጎ፣ በጸደይ ጨዋታው ሲጀምር እንዲቀለው። ያ ፍሪጅ ላይ ያለውን ወረቀት ግን አትቅደዱት። በሚቀጥለው ሜይ ሌላ መልማይ ይመጣል፣ ያኔ የምትጽፉት ቁጥር ከዚህኛው ያነሰ ነው የሚሆነው።